ታዕባና ወይስ መጅኑና? ሐኪም ቤት የምንሰማቸው የአእምሮ ሕመም ቃላት ትርጉም

እህቴ፣ ኩዌት ውስጥ አንዲት ሴት በሦስት ቋንቋ ትታመማለች። ለእናትሽ ደውለሽ «ሆዴን ባር ባር ይለዋል» ትያለሽ። ማዳም ለጎረቤቷ «ሐላ ነፍሲያ» ብላ ታወራብሻለች። ሐኪሙ ደግሞ ወረቀቱ ላይ በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ጽፎ ያልፋል። ሦስቱም የሚያወሩት ስለ አንቺ ነው፤ ቃላቱ ግን አንድ ነገር አይሉም።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። በሰው ቤት ሠርቻለሁ፤ አረብኛውን ከለመድኩ በኋላ ደግሞ የሀገሬን ልጆች አጅቤ ሐኪም ቤት እየገባሁ አስተረጉማለሁ። ከሕመሙ እኩል ቃሉ ራሱ ሲጎዳ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። «ደክሞኛል» ያለችው ሰነፍ ትባላለች፤ ሌሊት እየቃዠች የምትጮኸው እብድ ትባላለች፤ በእርግጥ ታማ መድኃኒት የሚያስፈልጋት ደግሞ «መንፈስ ነው» ተብላ ወራት ታልፋለች።

ቃል ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 አንዲት ኢትዮጵያዊት ሠራተኛ እዚሁ ኩዌት ውስጥ ከ7ኛ ፎቅ ውጪ ተንጠልጥላ ስትጮህ፣ አሠሪዋ በስልክ እየቀረጸች «አንቺ እብድ፣ ነይ» ስትላት የሚያሳየው ቪዲዮ ዓለምን ዞሯል። ልጅቷ ወደቀች፤ እግዚአብሔር አትርፏት ከታች ያለው ጣሪያ ስላቀለለላት ዳነች። በኋላ ሆስፒታል ተኝታ ስትናገር ራሷን ልታጠፋ እንዳልነበረ፣ ነፍሷን ለማዳን እየሸሸች እንደነበር ተናገረች። ስልክ የያዘችው ያየችው እብደት ነው፤ የተንጠለጠለችው የኖረችው ፍርሃት ነው። የቃላቱን ትርጉም ማወቅ ያለብን ለዚህ ነው፦ ከታመምን በትክክለኛው ስም ለመታከም፣ ካልታመምን ደግሞ የማይገባን ስም እንዳይለጠፍብን።

መጀመሪያ፦ ስሜት፣ ምልክት፣ ሕመም

እነዚህን ሦስቱን ከለየሽ ግማሹን አወቅሽ ማለት ነው።

ስሜት የማንኛውም ጤነኛ ሰው ነው። ናፍቆት፣ ንዴት፣ ፍርሃት፣ ሐዘን። አባቷ ሞቶ ለቀብር መድረስ ያልቻለች ልጅ ማጀት ገብታ ብታለቅስ አልታመመችም፤ አዝናለች። ደመወዟ አራት ወር የቀረባት ሴት ብትናደድም እንደዚሁ።

ምልክት አንድ ነጠላ ነገር ነው፦ እንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ አለመፈለግ፣ ልብ መምታት። ብቻውን የበሽታ ስም አይሆንም። ዲዋኒያ ላሉት እንግዶች እስከ እኩለ ሌሊት ሻይ ስታቀርቢ አምሽተሽ ልጆቹን ለትምህርት ቤት ለማዘጋጀት ከንጋቱ 11 ሰዓት የምትነሺ ከሆነ፣ የጠፋብሽ እንቅልፍ ሳይሆን መኝታ ሰዓት ነው። ረመዳን ላይ ይሄ እጥፍ ይሆናል። የዚህ መድኃኒቱ ኪኒን ሳይሆን ዕረፍት ነው።

ሕመም የሚባለው ምልክቶች ተሰባስበው፣ ቆይተው፣ ኑሮን ሲያሰናክሉ ነው። ሐኪም ዞሮ ዞሮ የሚጠይቅሽ ሦስት ነገር ነው፦ ስንት ቀን ሆነው? ምን ያህል ከበደሽ? ምን ማድረግ አቃተሽ? ለሦስቱ መልስ ይዘሽ ግቢ። «በጣም አመመኝ» ከማለት «ሦስት ሳምንት ሆነኝ፤ ሌሊት ሁለት ሰዓት ብቻ እተኛለሁ፤ ልጁን ማቀፍ እንኳ አቃተኝ» ማለት ይሻላል።

ጭንቀት (በአረብኛ፦ ቀለቅ)

ሁላችንም እንጨነቃለን። ሐኪም «የጭንቀት ሕመም» የሚለው ግን ጭንቀቱ ምክንያቱ ካለፈም በኋላ አልለቅ ሲል፣ በአብዛኛው ቀን ለወራት ሲቆይ ነው። አእምሮ አያርፍም፤ ጡንቻ ይወጣጠራል፣ ሆድ ይታወካል፣ ትንሽ ድምፅ ያስደነግጣል፣ ሐሳብ አንድ ቦታ መቆም ያቅተዋል። ሳህን የሚሰበርባት፣ ጨው ደግማ የምትጨምር ሴት ሁሌ ግዴለሽ አይደለችም። ብዙ ጊዜ ተጨንቃ ነው።

ድንገተኛ የፍርሃት ጥቃት (በአረብኛ፦ ነውበት ሀለዕ)

ይሄኛው እንደ መብረቅ ነው የሚመጣው። ልብ ይደልቃል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ እጅ ይደነዝዛል፣ «ሞትኩ» ወይም «ላብድ ነው» ያሰኛል። ብዙውን ጊዜ በ10 ደቂቃ አካባቢ ይበረታና ከዚያ ይረግባል። አይገድልም። ሲመጣ ቁጭ በይ፣ አየሩን ቀስ ብለሽ በአፍንጫ ሳቢ፣ ስታስወጪ ደግሞ ከሳብሽበት ረዘም አድርጊው፤ እየቆጠርሽ ደጋግሚው።

ሁለት ነገር ግን ልብ በይ። አንደኛ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የደረት ሕመምና የትንፋሽ ማጠር ሲገጥምሽ «ጭንቀት ነው» ብለሽ አትለፊው፤ ልብሽና ሳንባሽ ይታዩ። ሁለተኛ፣ በረኪና (ክሎሮክስ) ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ቀላቅለሽ በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ካጸዳሽ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። ደረት ያጨናንቃል፣ ያስላል፣ ዓይን ያቃጥላል። ያ የአእምሮ ሕመም አይደለም። ቶሎ ወደ ንጹሕ አየር ውጪ፣ ካልተሻለሽ ሐኪም ጋ ሂጂ። ሁለተኛም አትቀላቅዪ።

ድባቴ (በአረብኛ፦ ኢክቲኣብ)

ድሮ «ድብርት» እንል ነበር፤ አሁን የሕክምና ባለሙያዎች «ድባቴ» ይሉታል። መለያው እንዲህ ነው፦ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ ቀኑን አብዛኛውን ሰዓት ልብ ሲጨልም ወይም የሚያስደስት ነገር ሁሉ ጣዕሙ ሲጠፋ። ከዚያ ጋር እንቅልፍ ይዛባል፣ ምግብ ይጠላል ወይም ይበዛል፣ ጉልበት ያልቃል፣ «እኔ የማልረባ ነኝ» የሚል ሐሳብ ይመላለሳል፣ አንዳንዴም ሞት ያስመኛል።

የእኛ ሴቶች ድባቴን የሚናገሩት በሰውነት ነው። «ራሴን ይከፍለኛል»፣ «ውስጤን ያቃጥለኛል»፣ «ሰውነቴን ይወረኛል»፣ «ጨጓራዬ ተነሣ»። ይሄ ውሸት አይደለም፤ በእርግጥ ያማል። ግን ሙስተውሰፍ ገብተሽ «ራሴን» ብቻ ብለሽ ከወጣሽ ፓናዶል ይዘሽ ትመለሻለሽ። አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሪበት፦ «ደግሞም ደስ የሚለኝ ነገር ጠፍቶብኛል፤ ሌሊት አልተኛም»። ያኔ ሐኪሙ ሌላ ጥያቄ ይጀምራል።

የደም ምርመራም ጠይቂ። የደም ማነስ፣ የእንቅርት (ታይሮይድ) ችግር፣ ፀሐይ ሳያዩ ቤት ውስጥ ከመዋል የሚመጣ የቫይታሚን ዲ ማነስ ድካም ስለሚያመጡ ድባቴ ሊመስሉ ይችላሉ። እንቅርት በሀገራችን ደጋ ብዙ ስለሆነ ይሄን መርሳት አይገባም።

ድባቴ ስንፍና አይደለም፣ የእምነት ማነስም አይደለም። ማንም ሰው «በርቺ እንጂ» ስላላት ብቻ የዳነች ሴት አላየሁም። በምክርና በመድኃኒት ግን ብዙዎች ይድናሉ።

የአደጋ ሰቀቀን (በአረብኛ፦ ሰድማ)

ሰድማ ማለት ድንጋጤ፣ ጉዳት ማለት ነው። ከባድ ነገር የደረሰባት ሴት፣ ተደብድባ፣ ተደፍራ፣ ተቆልፎባት፣ በጉዞ ላይ ሰው ሲሞት አይታ፣ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ብትርበደበድ የሚጠበቅ ነው። ከአንድ ወር በላይ ሲቆይ ግን ራሱን የቻለ ሕመም ይሆናል። ያለፈው ነገር አሁን እየሆነ ይመስላታል፤ በሕልሟ ይመጣል፤ የቁልፍ ድምፅ፣ የኮሪደር እርምጃ ያስበረግጋታል፤ ያንን ቦታና ያንን ሰው የሚያስታውስ ነገር ሁሉ ትሸሻለች፤ አንዳንዴ ደግሞ ስሜቷ ድንዝዝ ይልና ማልቀስም ያቅታታል።

ሁሉም ኩዌት ውስጥ የደረሰ አይደለም። በትግራይና በአማራ ክልል ከነበረው ጦርነት ሸሽታ የመጣች፣ ቁስሉን ከሀገር ይዛው የመጣች አለች። የበር ደወል ሲጮኽ የምትወድቅ ልጅ ካየሽ አትሳቂባት።

ወስዋስ (በአረብኛ፦ ወስዋስ ቀህሪ)

ሙስሊም እህቶች ቃሉን ከሃይማኖት ያውቁታል፤ የሰይጣን ሹክሹክታ ማለት ነው። ሐኪም ሲለው ግን የማይፈለግ ሐሳብ እየተመላለሰ ሲያስጨንቅና ያንን ለማቅለል ሰውየዋ አንድ ነገር ደጋግማ ስታደርግ ነው፦ እጅ መላልሶ መታጠብ፣ በር ሃያ ጊዜ መፈተሽ፣ ዉዱእ ደጋግሞ መጀመር። ማዳም «እንደገና እጠቢ» ብላሽ የምታጥቢው ወስዋስ አይደለም፤ እሱ ትእዛዝ ነው። የኃጢአት ምልክት ስላልሆነ አትሸማቀቂ፤ ሕክምና አለው።

ሳይኮሲስ፣ ስኪዞፍሬኒያ (በአረብኛ፦ ፊሷም) እና ባይፖላር

ብዙ ሰው «እብደት» የሚለው እነዚህን ነው። እስቲ ለየብቻ እንያቸው።

ሳይኮሲስ የአንድ በሽታ ስም አይደለም፤ አእምሮ ከእውነታው ጋር ያለው ግንኙነት ሲላላ የሚሰጥ ስም ነው። ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማት፣ የሌለ ነገር ማየት (ይሄ ቁም ቅዠት ይባላል፤ አረቦቹ «ሀልወሳ» ይሉታል)፣ ወይም ማስረጃ ቢቀርብ እንኳ የማይነቃነቅ የተሳሳተ እምነት መያዝ። ብዙ ቀን ያለ እንቅልፍ መቆየት፣ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ከወሊድ በኋላ ያለው ጊዜ፣ አደንዛዥ ዕፅ፣ ከባድ ድባቴ ሁሉ ሊያመጡት ይችላሉ። ስለዚህ አንድ ጊዜ ድምፅ ሰማሽ ማለት ዕድሜ ልክሽን ታመምሽ ማለት አይደለም።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ። «ይጠብቁኛል፣ ካሜራ አለ» የምትል ሴት ሁሉ ሳይኮሲስ የላትም፤ ኩዌት ውስጥ ብዙ ቤት በእርግጥ ካሜራ አለ። «ሊያስሩኝ ነው» የምትለውም ኢቃማዋ ወድቆ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ይሄን ካላወቀ እውነቱን እንደ ሕመም ሊጽፈው ይችላል። የምታስተረጉሚ ከሆነ የቤቱን ሁኔታ ንገሪው።

ስኪዞፍሬኒያ የምንለው እነዚህ ምልክቶች ለረጅም ጊዜ ሲቆዩ፣ ንግግር ሲዘበራረቅ፣ ሰውየዋ ከሰው ስትርቅና ራሷን መጠበቅ ሲያቅታት ነው። «ሁለት ሰው መሆን» ማለት አይደለም። መድኃኒት በትክክል የሚወስዱ ብዙ ሰዎች ሠርተው፣ ወልደው ይኖራሉ።

ባይፖላር የስሜት ከፍታና ዝቅታ ነው። ዝቅታው ድባቴ ነው። ከፍታው ማኒያ ይባላል፦ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ያህል እንቅልፍ ሳያስፈልጋት ጉልበት ይሞላታል፣ ንግግር ይፈጥናል፣ ገንዘብ ይበተናል፣ ቁጣው ይነድዳል፣ «የተለየ ኃይል ተሰጥቶኛል» ልትል ትችላለች። ጠዋት ተናዶ ማታ መሳቅ ባይፖላር አይደለም።

ሊትየም የሚባል መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ይሄን አጥብቀሽ ያዢ፦ በኩዌት ሙቀት ውኃ ከሰውነትሽ ሲያልቅ፣ ወይም በጾም ውኃ ሳትጠጪ ስትውዪ፣ መድኃኒቱ በደም ውስጥ በዝቶ ሊመርዝ ይችላል። እጅ በኃይል መንቀጥቀጥ፣ ትውከት፣ ተቅማጥ፣ መንገዳገድ ከታየ ወዲያው ሐኪም ቤት። ከጾም በፊት ሐኪም አማክሪ።

የሚጥል በሽታ (በአረብኛ፦ ሰርዕ)

ይሄን እዚህ የጨመርኩት እብደት ስላልሆነ ነው። የሚጥል በሽታ የአንጎል ሕመም ነው፤ ቡዳም አይደለም፣ አይተላለፍም። ሰው ሲጥላት ክብሪት ማሽተት አይጠቅምም፣ አፏ ውስጥም ምንም አትክተቺ። ከምድጃና ከስለታም ነገር አርቂያት፣ በጎኗ አስተኚያት፣ ሰዓት ያዢ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ 112 ደውዪ። ይሄ በሽታ ያለብሽ ከሆነ መድኃኒትሽን አትደብቂ፤ በረንዳ ላይ መስኮት ማጽዳትና ትኩስ ዘይት ለአንቺ አደጋ ነው።

ሞትን መመኘት

አረቦቹ ራስን ማጥፋትን «ኢንቲሃር» ይሉታል። «ባልነቃ በወደድኩ» ከሚለው ሐሳብ ጀምሮ መንገዱን እስከማሰብ ድረስ ደረጃ አለው፤ ሁሉም ግን ሊነገር የሚገባው ነው። ይህ ሐሳብ የሚመጣው ከሕመምና ከመከራ ነው፤ ሕመሙ ሲታከም፣ ከመከራው መውጫ ሲገኝ ሐሳቡ ይለቃል።

አሁን እያነበብሽ እንዲህ የሚሰማሽ ከሆነ፣ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገሪ። ብቻሽን አትሁኚ፤ ሰው ያለበት ክፍል ሂጂ። መጉዳት የሚችል ነገር ካጠገብሽ ይራቅ። ነገሩ ከበረታ 112 ደውዪ ወይም ወደ ቅርብ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ጓደኛሽ በስልክ «ደክሞኛል፣ በቃኝ» ካለችሽ በግልጽ ጠይቂያት፦ «ራስሽን ለመጉዳት እያሰብሽ ነው ወይ?» መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባባትም፤ እንዲያውም ያቀልላታል። አትገሥጫት፣ «ኃጢአት ነው» ብለሽ አትዝጊባት። ስሚያት፣ ስልኩን ሳትዘጊ ሌላ ሰው አስጠሪ።

ቃሉ ሲለጠፍብሽ

«መጅኑና» እብድ ማለት ነው፤ ስድብ እንጂ የሕክምና ቃል አይደለም። «ሐላ ነፍሲያ» ቀጥታ ትርጉሙ የሥነ ልቦና ሁኔታ ነው፤ በአፍ ሲነገር ግን «ይቺ ነካ ያደረጋት» እንደማለት ነው። አንዳንዴ ዕረፍት ስትጠይቂ፣ ደመወዝ ስትጠይቂ፣ ወይም ወደ መክተብ ሊመልሱሽ ሲፈልጉ የሚወጣ ቃል ነው።

ግን ልብ ብለሽ ስሚያቸው፤ ኩዌታውያን ራሳቸው ሲከፋቸው ምን ይላሉ? «ነፍሲይቲ ታዕባና» ይላሉ፤ «መንፈሴ ደክሟል» ማለት ነው። ታዕባና ደክሟታልም አሟታልም ይሆናል። ማንም አያፍርበትም። ይሄ ቃል የአንቺም ነው፤ ተጠቀሚበት። ማዳም «መጅኑና» ስትል አንቺ ረጋ ብለሽ «ላ፣ ነፍሲይቲ ታዕባና፣ አቢ ዶክቶር» በያት። ከስድብ ወደ ሕክምና የሚያሻግር ዓረፍተ ነገር ነው።

የበሽታ ስም የሚሰጠው ሐኪም ብቻ ነው። ማዳምም፣ መክተቡም፣ ፖሊስም፣ እኔም አንሰጥም። የኩዌት የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል የኩዌት የአእምሮ ጤና ማዕከል ይባላል፤ በሳባህ የሕክምና ሰፈር ነው፤ ሰው ሁሉ «ጢብ ነፍሲ» እያለ ይጠራዋል። ስሙ ሲጠራ የሚደነግጡ አሉ፤ ሆስፒታል ነው፣ እስር ቤት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የኩዌት የአእምሮ ጤና ሕግ (ቁጥር 14) የታካሚን መብት ደንግጓል፤ ያለ ፈቃድ ማስተኛት የሐኪም ምርመራ የሚጠይቅ ጉዳይ ነው እንጂ አሠሪ ስለፈለገ ብቻ የሚሆን አይደለም።

የቤት ሠራተኞች ሕግም አለ፤ እ.ኤ.አ. የ2015 ሕግ ቁጥር 68። ከአእምሮ ጤና ጋር ምን አገናኘው ትዪ ይሆናል። በጣም ይገናኛል፦

• ሥራ በቀን ከ12 ሰዓት አይበልጥም፣ በመሀሉም ዕረፍት አለ። እንቅልፍ መብት ነው ማለት ነው።
• በሳምንት አንድ ቀን፣ በዓመት 30 ቀን የሚከፈልበት ዕረፍት አለሽ።
• አሠሪው ሊያሳክምሽ ግዴታ አለበት።
• ፓስፖርትሽን ያለፈቃድሽ መያዝ አይችልም።
• ለሠራሽበት እያንዳንዱ ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ የአገልግሎት ክፍያ አለ።

ብትታመሚም የሠራሽበት ደመወዝ ያንቺው ነው። «አብዳለች» የሚለው ቃል ዕዳ አይሰርዝም። ከቤት መቆየት አደጋ ከሆነብሽ የኢትዮጵያ ኤምባሲ እና የሰው ኃይል ባለሥልጣን (ቁዋ ዓሚላ) የቤት ሠራተኞች ክፍል አለ፤ መንግሥት ለሴት ሠራተኞች ያቋቋመው መጠለያም በጅሊብ አሹዩኽ ይገኛል። ስትወጪ አሠሪው «ጠፋች» ብሎ ሊያመለክት ስለሚችል የደረሰብሽን ለኤምባሲው ወይም ለክፍሉ ቶሎ ማስመዝገብ ይጠቅማል።

ምርመራ ክፍል ስትገቢ

ማዳም አብራሽ ልትገባ ትችላለች። ነርሷን «አቢ አተከለም ዊያ ዶክቶር ቡሩሂ» በያት፤ «ከሐኪሙ ጋር ብቻዬን መነጋገር እፈልጋለሁ» ማለት ነው። በሰው ፊት ካፈርሽ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ስጪ። የሚጠቅሙሽ ሌሎች ዓረፍተ ነገሮች፦

• ማ አናም፦ አልተኛም።
• ገልቢ የዲግ ቀዊ፦ ልቤ በኃይል ይመታል።
• አኻፍ ዋይድ፦ በጣም እፈራለሁ።
• አስማዕ ሰውት፦ ድምፅ እሰማለሁ።
• አፈኪር አሙት፦ መሞትን አስባለሁ።
• አቢ ሙተርጂም፦ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ።
• ሽኑ ሃዳ ደዋ?፦ ይሄ ምን መድኃኒት ነው?
• አቢ ታቅሪር ጢቢ፦ የሕክምና ማስረጃ እፈልጋለሁ።

አስተርጓሚ ከሆንሽ አንድ ምክር፦ የሰማሽውን ተርጉሚ፣ አታሳምሪው። «ሞት አማረኝ» ያለችውን «ትንሽ ከፍቷታል» ካልሽ ሐኪሙ ይስታል።

ስለ መድኃኒት

ሐቡብ ማለት ኪኒን ነው። የድባቴና የጭንቀት መድኃኒቶች (እንደ ፍሎክሰቲንና ሰርትራሊን) ወዲያው አይሠሩም፤ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈልጋሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ማቅለሽለሽ ሊኖር ይችላል። ሲሻልሽ በራስሽ ፈቃድ አታቋርጪ፤ ሐኪም ቀስ ብሎ ነው የሚያስቆመው። ሱስ አያስይዙም።

ሙሀዲእ፣ ማረጋጊያ፣ ሌላ ነው። እንደ ዳያዜፓም ያሉት ቶሎ ያስተኛሉ፤ ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ግን ሱስ ያስይዛሉ። ኩዌት ውስጥ ጥብቅ ቁጥጥር አለባቸው፤ ከጓደኛ አትቀበዪ፣ ያለ ማዘዣ በሻንጣ አትያዢ፤ በሕግ ያስጠይቃል።

የሳይኮሲስ መድኃኒቶች (ሀሎፔሪዶል፣ ሪስፔሪዶን፣ ኦላንዛፒን) ሊያስተኙ፣ ክብደት ሊጨምሩ፣ ሰውነት ሊያገትሩ ይችላሉ። አንገት ከተጣመመ ወይም ምላስ ከተያዘ መንፈስ አይደለም፤ የመድኃኒቱ ጎጂ ውጤት ነው፣ ቶሎ የሚፈታ መርፌ አለው። እርጉዝ ከሆንሽ ወይም እሆናለሁ ካልሽ አስቀድመሽ ተናገሪ፤ ቫልፕሮት የሚባለው ለጽንስ ጎጂ ነው።

ጸበል የምትጠመቂ ተጠመቂ፣ ቁርኣን የምታስቀሪ አስቀሪ። እምነት ልብን ያበረታል። መድኃኒቱን ግን አብረሽ ውሰጂ፤ አንዱ ሌላውን አያስወጣም።

ወደ ሀገር ስትመለሺ

ከኩዌት ስትወጪ የሕክምና ማስረጃውን፣ የመድኃኒቱን ትክክለኛ ስም (የፋብሪካ ስሙ ከሀገር ሀገር ይለያያል) እና ቢያንስ ለጥቂት ሳምንት የሚበቃ መድኃኒት ከነማዘዣው ያዢ። አዲስ አበባ ላይ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ በቅዱስ ጳውሎስና በዘውዲቱ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። በአማራ ክልል ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አለ። ከስደት ተጎድተው ለተመለሱ ሴቶች መጠለያና ክብካቤ የሚሰጥ አጋር ኢትዮጵያ የሚባል በጎ አድራጎት ማኅበርም አዲስ አበባ ይገኛል።

ለቤተሰብሽ ምን እንደምትነግሪ አስቢበት። «አብዳ መጣች» የሚለው ወሬ ከአውሮፕላኑ ቀድሞ ይደርሳልና፣ ለአንድ ለምታምኚው ሰው በትክክለኛው ቃል ቀድመሽ ንገሪ፦ «ድባቴ የሚባል ሕመም አለብኝ፤ መድኃኒት ላይ ነኝ፤ የሚድን ነው» በይ። እናቶቻችን የበሽታ ስምና የመድኃኒት ስም ሲሰሙ ይረጋጋሉ፤ የሚያስፈራቸው ስም የሌለው ነገር ነው።

አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። እኛ ብዙውን ጊዜ የምንደብቀው ፈርተን ነው፤ ቃሉ «እብድ» ብቻ ስለሚመስለን። አሁን ግን ሌሎች ቃላት በእጅሽ አሉ። ቆርጠሽ ስልክሽ ላይ አስቀምጪያቸው፣ ስልክ ለሌላትም ጻፊላት።